የኤፍ ኤም ዳይፖል አንቴና ለጎንደር ቤቶች፦ የትኛው ይሻላል፣ የት ይሰቀል፣ ገመዱስ በየት ይግባ?

ጎንደር ውስጥ ሬዲዮ የሚንሿሿበት ቤት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም። ከተማችን በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታና በዙሪያው በሚወርዱት ተዳፋቶች ላይ የተሠራች ናት። የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ኮረብታ ከፊቱ ከቆመ ጥቂቱ በጫፉ በኩል ታጥፎ ያልፋል፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ፒያሳ ፎቅ ላይ በስልክ ማዳመጫ ሽቦ ብቻ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ወደ ቀሃ ሲወርዱ ሊጠፋ የሚችለው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲጨመርበት ቤት ውስጥ የሚደርሰው ሞገድ እጅግ ያንሳል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሌላ ሬዲዮ ይገዛል። አዲሱም ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደ አሮጌው ይንሿሿል። መፍትሔው ከውጭ የሚሰቀል አንቴና ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከዳይፖል የቀለለና የረከሰ የለም። ከዚህ በታች ምርጫዎቹን ሳነጻጽር አንድ አቋም ይዤ ነው፦ ቀዳሚው ነገር አንቴናው የሚቆምበት ቦታ ነው፣ ቀጥሎ ገመዱ የሚመጣበት መንገድ፣ የአንቴናው ዓይነት ከሁለቱ በኋላ ይመጣል። ገበያ ላይ ግን ሰው የሚከራከረው በሦስተኛው ነው፤ ገንዘቡም የሚባክነው እዚያው ነው።

ልኩ

ዳይፖል ሁለት እኩል ክንዶች ያሉት አንቴና ነው። ክንዶቹ መሐል ላይ አይነካኩም፤ የገመዱ መሐል ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ የገመዱ መረብ፣ ማለትም መሐል ሽቦውን ከላይ የከበበው የተጠለፈ ሽቦ፣ ከሌላው ክንድ ጋር ይያያዛል። ሌላ ነገር የለውም።

የኤፍ ኤም ባንድ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ ነው። 143ን ለምትፈልጉት ጣቢያ ቁጥር አካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት በሜትር ነው። ለ98 ብታሰሉት 1.46 ሜትር ይሆናል፣ እያንዳንዱ ክንድ 73 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ለ90 ክንዱ 79፣ ለ104 ደግሞ 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ብዙ ጣቢያ የሚያዳምጥ ቤት 73ን ይያዝ። ሥራው መቀበል ብቻ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢዛነፍ ጆሮ አይለየውም። ክንዱ 2.5 ካሬ የመብራት ሽቦ ወይም ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ነፋስን ስለሚችል ውጭ ለሚሰቀል ይመረጣል። ጣሪያ ላይ የቀረ የድሮ የቴሌቪዥን አንቴና ካላችሁ አትጣሉት። የአብዛኞቹ ክንዶች ለኤፍ ኤም ያጥራሉና እንዳለ አይሠራም፤ ነገር ግን ዘንጎቹና መያዣዎቹ ጥሩ ዕቃ ይወጣቸዋል።

ምርጫዎቹ

በሬዲዮው ላይ ተሰክቶ የሚመጣው የሚሳብ ዘንግ የዳይፖል ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚተካው የሬዲዮው አካልና የያዘው ሰው ነው፤ ስትነኩት ድምፁ ጠርቶ ስትርቁ የሚጠፋውም ስለዚህ ነው። ማራኪ ሰፈር ውስጥ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ላለ ቤት፣ መስኮት አጠገብ ከሆነ፣ ሌላ አያስፈልገውም። ለቀረው ግን አይበቃም።

በሶኬት የሚሠራ፣ አጉይ (ሞገዱን የሚያጎላ መሣሪያ) ያለው የቤት ውስጥ አንቴና ብዙ ሰው የሚገዛው ነው፤ እኔ አልመክረውም። አጉይ የሚያጎላው የደረሰውን ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የደረሰው ሹክሹክታና የአምፖል ጫጫታ ከሆነ ሁለቱንም አብሮ ያጎላቸዋል። ማሰራጫ በቅርብ ባለበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል፦ ኃይለኛው ጣቢያ አጉዩን ይሞላውና በሌሎቹ ጣቢያዎች ቦታ ሁሉ መሰማት ይጀምራል። አጉይ የሚረዳው ውጭ ካለው አንቴና ሥር ሆኖ በጣም ረጅም ገመድ ሲነዳ ብቻ ነው።

ከትልልቅ ቴፕና አምፕሊፋየር ጋር የሚመጣው ባለ ሁለት መስመር ጠፍጣፋ ሽቦ፣ መስቀያው እንደ ቲ ቅርጽ የሆነው፣ የታጠፈ ዳይፖል ይባላል። ከቀላሉ ዳይፖል ይልቅ ሰፊ ባንድ በእኩል ይቀበላል። ጣሪያ ላይ መውጣት ለማይፈቀድለት የኮንዶሚኒየም ነዋሪና ለተከራይ ጥሩ ነው፤ መስኮት አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ የዚህኛው ኢምፒዳንስ፣ ለሞገዱ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ 300 ኦም ነው፣ የዲሽ ገመድ ግን 75 ኦም ነው። ሁለቱን ለማገናኘት አራት ለአንድ የሚቀይር ትንሽ ማስተካከያ፣ ባሉን የሚሉትን፣ መሐል ማስገባት ያስፈልጋል።

ቀላሉ ዳይፖል 73 ኦም ገደማ ነው። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ዕድል ነው፤ በየቤቱ ተርፎ የተጠቀለለው የዲሽ ገመድ 75 ኦም ስለሆነ ያለ ምንም ማስተካከያ ቀጥታ ይገጥማል። ውጭ ላይ ለሚሰቀል የመጀመሪያ ምርጫዬ ይኸው ነው።

ባለ ብዙ ዘንጉ፣ ያጊ የሚባለው፣ በአንድ አቅጣጫ ከዳይፖል በእጅጉ ይበልጣል። ለኤፍ ኤም ሲሠራ ግን ቁመቱም ስፋቱም ከሜትር በላይ ስለሚሆን ነፋስ ይበላዋል፣ ጠንካራ ምሰሶ ይፈልጋል። ከከተማው ወጣ ባለ መንደር አንድ ሩቅ ጣቢያ ብቻ ለሚከታተል ሰው ይሁን። ከተማ ውስጥ ጣቢያዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ ሲመጡ ያጊ አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል።

የት ይቁም?

ቆርቆሮ ለሬዲዮ ሞገድ መስታወት ነው፤ ያንጸባርቃል እንጂ አያሳልፍም። ስለዚህ ኮርኒስና ቆርቆሮ መካከል አንቴና መዘርጋት፣ ከዝናብ ይጠበቃል ተብሎ ቢታሰብም፣ ልፋት ነው። ከቆርቆሮው በላይ ሆኖ በጣም መጠጋትም አይጠቅምም። አግድም የተዘረጋ አንቴና በብረት ላይ ተኝቶ ሲቀር ከብረቱ የሚንጸባረቀው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ተቃርኖ ያጠፋዋል። ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል 1.5 ሜትር ከቆርቆሮው ከፍ ይበል። ምሰሶ ማቆም ካልተቻለ ከጣሪያው ጠርዝ አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣ ክንድ ማበጀት ይሻላል።

ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ብዙም አይከለክልም። የድንጋይ ግድግዳና ብረት የበዛበት ኮንክሪት ይከለክላሉ። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ለሞገዱ ያለው ብቸኛ በር መስኮቱ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የብረት ፍርግርግ አለው። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ብቻ ያላቸው ቋሚ ብረቶች በቁመት የሚመጣውን ሞገድ ይመልሱታል። ስለዚህ መስኮት ላይ የሚሰቀል አንቴና ከፍርግርጉ ውጭ ይሁን።

ይህ ሕግ በሌላም ቦታ ያው ነው። ሞተር አልባ አውሮፕላን፣ ግላይደር፣ አብራሪው ከምድር ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ ከኤፍ ኤም ባንድ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርትዝ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዳይፖሉም 1.1 ሜትር ገደማ ነው። አካሉ ከፋይበር ግላስ ሲሆን ሞገድ ያሳልፋልና አንቴናውን በቆመው የጭራ ክንፍ ውስጥ ይቀብሩታል። ካርቦን ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እንደ ቆርቆሯችን ይጋርዳል፤ እዚያ ውስጥ አንቴና መቅበር አይቻልም። አንቴናው በቁመት ስለሚቆም ገመዱ ከመሐሉ ወጥቶ ወደ ፊት በአግድም እንዲሄድ ይደረጋል፣ ከመሪ ዘንጎቹም ይርቃል። ከዚህ የምንወስደው የገመዱን ነገር ነው፤ ወደ ገመዱ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ተኝቶ ወይስ ቆሞ?

ከማሰራጫ የሚወጣው ሞገድ በአግድም፣ በቁመት ወይም በሁለቱም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም የሚያሰራጭ ጣቢያ ብዙ ስለሆነ ሁለቱንም ሞክሮ መምረጥ ነው። አንቴናውን በእጅ ይዞ፣ ደካማውን ጣቢያ ከፍቶ፣ አንዴ አግድም አንዴ ቁልቁል ማዞር ይበቃል።

ልዩነታቸው ይህ ነው። የቆመ ዳይፖል ከዙሪያው እኩል ይቀበላል፤ ማዞር አያስፈልገውም። የተኛ ዳይፖል ከሁለቱ ጎኖቹ በደንብ ሲቀበል ከጫፎቹ አቅጣጫ ግን የሚቀበለው ጥቂት ነው። ጉድለት የሚመስለው ይህ ጠባይ ኮረብታ በበዛበት ከተማ ይጠቅማል። ከኮረብታ ተንጸባርቆ ዘግይቶ የሚደርስ ሞገድ ድምፁን የሚያሻክረው ከሆነ፣ ጫፉን ወደዚያ ኮረብታ አዙሮ ማዳከም ይቻላል። ቀሃ ሸለቆ ውስጥ ላለ ቤት የተኛውን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። አዘዞ ሜዳው ላይ ላለ ደግሞ የቆመው ይቀለዋል።

ገመዱ

ከገበያ የሚገኙት ሦስት ናቸው። ወፍራሙ የዲሽ ገመድ፣ አርጂ 6፣ በ10 ሜትር የሚያባክነው ከ1 ዴሲቤል በታች ነው፤ በኤፍ ኤም ይህ እንደ ምንም ነው። ቀጭኑ አርጂ 59 ትንሽ ይበልጥ ያባክናል፣ ለአጭር መንገድ ግን ይሆናል። ባለ 50 ኦሙ አርጂ 58 ለመገናኛ ሬዲዮ የተሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ ይሠራል፣ ለዚህ ብሎ መግዛት ግን አያስፈልግም። አርጂ 6ን ውሰዱ። ሲገዙ ጫፉን ቆርጦ መረቡን ማየት ነው፦ ጥቂት ክሮች ብቻ ያሉት ርካሽ ገመድ ጫጫታ ያስገባል።

አሁን ወደ መንገዱ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ገመዱ ከአንቴናው መሐል ሲወጣ ከክንዶቹ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ፤ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር እስኪርቅ እንዲያ ይቀጥል። ከአንዱ ክንድ ጋር ተጣብቆ ከወረደ የገመዱ መረብ ራሱ አንቴና ይሆንና ግድግዳው ላይ ያለውን ጫጫታ ሁሉ ይሰበስባል። የተኛ ዳይፖል በዚህ በኩል ቀላል ነው፤ ገመዱ በምሰሶው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ማዕዘኑ ራሱ ይመጣል። የቆመው ግን ገመዱን በአግድም የሚሸከም ዘንግ ይፈልጋል፣ ምሰሶውም ከላይ በኩል ብረት መሆን የለበትም፤ ትይዩ የቆመ ብረት የአንቴናውን ጠባይ ይለውጣል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ወይም ፕላስቲክ ቱቦ ይሁን።

ከአንቴናው ሥር ገመዱን ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት ጠቅልላችሁ በናስትሮ እሰሩት። ይህ ጥቅል በመረቡ ውጭ የሚመጣውን ጫጫታ ይገታል፤ ዋጋው የሦስት ሜትር ገደማ ገመድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ገመዱ ከመብራት መስመር ጋር ጎን ለጎን አይሂድ። መገናኘታቸው የማይቀር ከሆነ በመስቀለኛ ይተላለፉ። በተለይ የሚርቀው ከሶላር ኢንቨርተር፣ ከርካሽ የስልክ ቻርጀርና ከኤልኢዲ አምፖል ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሬዲዮው ድንገት ከጠራ ጫጫታው የሚመጣው ከራሳችሁ ወይም ከጎረቤት ቤት እንደሆነ ዕወቁ።

ማጠፊያው ላይ ገመዱን እንደ ክር አትስበሩት፤ የመታጠፊያው ክብ ግማሽ ስፋት ከ7 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ውስጡ ይጎዳል። በሚስማር መትቶ ማጣበቅም ያው ጉዳት ነው።

ቀሃ አቅራቢያ ያለች የአንዲት እናት ቤት ላይ ያደረግነውን ላሳያችሁ። የጭቃ ቤት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የባሕር ዛፍ ምሰሶውን ከጓሮ በኩል ከግድግዳው ጋር አሰርነው፤ ጫፉ ከቆርቆሮው አንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቱቦ በአግድም፣ በቱቦው ላይ ሁለቱ የአሉሚኒየም ክንዶች፣ በመሐላቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት። ገመዱን በብሎን አያይዘን በትንሽ ፕላስቲክ ሣጥን ከደንነው፤ ከሣጥኑ ሥር ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ተውንለት። ገመዱ በምሰሶው ወርዶ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት እንደ ከረጢት ሥር ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይወጣል፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከዚያ ዝቅታ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። የመስኮቱን እንጨት ስንቦረቡርም ቀዳዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገን ነው።

እማማ ከሥር ቆመው ሲያዩን ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ብረት እላዬ ላይ ሰቅለህ መብረቅ አትጠራብኝም?» አሉ።

ጥያቄያቸው ትልቅ ነው። በደጋው የሰኔና የሐምሌ ነጎድጓድ የሚቀለድበት አይደለም። አንቴና መብረቅን በራሱ አይጠራም፤ ከአካባቢው ከፍ ብሎ የቆመ ማንኛውም ነገር ግን ሊመታ ይችላል፣ ገመዱም መንገድ ሆኖ ወደ ቤት ያስገባዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረጋል። የገመዱ መረብ፣ ምሰሶው ብረት ከሆነም ምሰሶው፣ ከቤት ውጭ በ16 ካሬ የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተተከለ ዘንግ ጋር ይያያዛል። ይህ በደመና ምክንያት የሚጠራቀመውን ቻርጅ ያወርዳል፤ ቀጥታ የመታ መብረቅን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቆምም። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ደመና ሲከብድ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅሎ ከመስኮት ውጭ ማድረግ። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን መንካት አይገባም። እማማ ይህን ሰምተው፣ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዲነቅል አዘዙ፤ እኛም ማገናኛውን ልጅ እጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ አደረግንላቸው።

ሌላም ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ምሰሶው ቢወድቅ የመብራት ሽቦ የሚነካበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይቁም። ከመስመሩ ያለው ርቀት ከምሰሶው ቁመት ይብለጥ።

ሬዲዮው ላይ ማገናኘት

ቴፕና አምፕሊፋየር ከኋላቸው የአንቴና መሰኪያ አላቸው፤ 75 የሚለው ላይ ይገባል። መሰኪያ የሌለው ትንሽ ሬዲዮ ከሆነ የገመዱን መሐል ሽቦ በመቆንጠጫ ከሚሳበው ዘንግ ጋር፣ መረቡን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ማያያዝ ነው። ይህን የምታደርጉት በባትሪ ብቻ ለሚሠራ ሬዲዮ ይሁን። ዘንጉን አሳጥራችሁ ዝጉት። ኃይለኛ ጣቢያ በሌሎቹ ላይ መሰማት ከጀመረ ሬዲዮውን ሞልቶታል ማለት ነው፤ መቆንጠጫውን ከዘንጉ ጋር ሳይነካ አጠገቡ ብቻ ማስቀመጥ ይበቃዋል።

ሥራው ሲያልቅ

ምሰሶውን አጥብቃችሁ ከማሰራችሁ በፊት አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በቀስታ ያዙረው፣ ሌላው ሬዲዮው ጋ ሆኖ ያዳምጥ። የሚመረጠው ደካማው ጣቢያ የሚጠራበት አቅጣጫ ነው፤ ጠንካራው በየትም ይሰማል። ስቴሪዮ ከሞኖ ይልቅ ጠንካራ ሞገድ ስለሚፈልግ፣ ስቴሪዮው እየተንሿሿ ሞኖው ጥርት ካለ ሌላ አንቴና ከመግዛት ምሰሶውን ግማሽ ሜትር ከፍ ማድረግ ይሞከር።

መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ሣጥኑን ከፍታችሁ እዩ። መዳቡ አረንጓዴ ካወጣ ወይም መረቡ ከጠቆረ ውሃ ገብቶበታል። ያን ጊዜ መጥረግ አይበቃም፤ ገመዱን ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆርጦ እንደ አዲስ ማያያዝና ሣጥኑን ከላይ በኩል በሲሊኮን መድፈን ያስፈልጋል። መጀመሪያውኑ ከምሰሶው ሥር አንድ ሜትር ትርፍ ገመድ ከተዋችሁ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።